ተለያይተው የተሠሩ የድምፅ መሣሪያዎች ዝም ባሉ ጊዜ ምክንያቱን ስለ መመርመር

ለመንደር ትምህርት ቤት አስተማሪዎችና ማንበብ ለሚያውቁ ያገር ሽማግሌዎች የሚሆን ትምህርት

መግቢያ

በብዙ ስፍራ ትምህርት ቤት ወይም ማኅበር ገንዘብ አዋጥቶ፥ ሌላ ሰው ሲሠራበት የኖረ የድምፅ መሣሪያ ይገዛል፤ ወይም በውጭ አገር የሚኖር ያገር ልጅ ገዝቶ ይልካል። መሣሪያው መጥቶ ገመዱ ከተቀጠለ በኋላ ድምፅ አልሰጥ ያለ እንደ ሆነ ግን ሦስት ክፉ ነገር ይከተላል። አንደኛው፥ ደኅናው ዕቃ ተበላሽቷል ተብሎ በዕቃ ቤት ይጣልና የሕዝብ ገንዘብ ከንቱ ይቀራል። ሁለተኛው፥ ገዢው ሻጩን አታለልኸኝ ብሎ ይከሳል፤ ሻጩም እኔ የሰጠሁህ የሚናገር ዕቃ ነው ብሎ ይከራከራል፤ ጎረቤትና ጎረቤትም ይጣላል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው፥ ሥራውን የማያውቅ ሰው ክዳኑን ከፍቶ እጁን ሲያገባ ኤሌክትሪክ ይይዘውና ሕይወቱን ያጣል።

እነዚህን ሦስቱን የሚያርቅ አንድ ነገር ነው፤ እርሱም በተራ መመርመር ነው። ነገሩን ከሥሩ ውሃውን ከጥሩ እንደ ተባለ፥ ዝም ያለው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ ሳያውቁ አንዱን መንቀል፥ ሌላውን መፍታት፥ አንዱን መርገም አይገባም። የአገባብ ተማሪ ማሠሪያ አንቀጹን ሳያገኝ ቅኔውን ልፍታ ቢል እንዲሳሳት፥ ድምፁ የተቋረጠበትን ስፍራ ሳያገኝ መሣሪያ ላበጅ የሚልም እንዲሁ ይሳሳታል።

፩ኛ፤ የመሣሪያው ክፍሎችና የድምፁ መንገድ

ቶማስ ኤዲሰን በ1877 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር የሠራው የመጀመሪያው ድምፅ ማስቀመጫ ሁሉ ነገሩ በአንድ አካል ላይ የነበረ ነው። እጅ ያዞረዋል፥ መርፌ ያነበዋል፥ ድምፁም ያላንዳች ኤሌክትሪክ ይወጣል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ዝም ቢል ጉድለቱ ባይን ይታያል። ከዚያ በኋላ ግን ድምፅን በኤሌክትሪክ ማጉላት ተገኘ፤ በግራና በቀኝ ተለይቶ የሚሰማውም ሸክላ በ1958 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር በገበያ ተስፋፋ፤ የካሴት ክር በ1963፥ ሲዲ የሚባለውም በ1982 ወጣ። በዚህ ዘመን ውስጥ ሥራው ለየብቻ በተሠሩ ሳጥኖች ተከፈለ። ይህንንም ሃይ ፋይ ይሉታል፤ ትርጓሜው ለዋናው ድምፅ እጅግ የታመነ ማለት ነው።

ሳጥኖቹ ሦስት ወገን ናቸው። የመጀመሪያው ወገን ድምፁን የሚያመነጨው ነው፤ ይኸውም ራዲዮ መቀበያ፥ ሸክላ ማጫወቻ፥ የካሴት ቴፕ፥ ወይም የሲዲ ማጫወቻ ነው። ሁለተኛው ያን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው አምፕሊፋየር ነው። ሦስተኛው ድምፁን ወደ ጆሯችን የሚያወጣው ስፒከር ነው። አመንጪውን ከአምፕሊፋየሩ ጋራ የሚያገናኘው ጫፉ ቀይና ነጭ የሆነ ገመድ ነው፤ ቀዩ የቀኝ፥ ነጩ ወይም ጥቁሩ የግራ ነው። አምፕሊፋየሩን ከስፒከሩ ጋራ የሚያገናኘው ደግሞ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚሄድ ሽቦ ነው።

ኃይሉም ከስፍራ ስፍራ ይለያያል። ከሸክላ መርፌ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ብዙውን ጊዜ ከ5 ሚሊ ቮልት አይበልጥም፤ ይህም የአንድ ቮልት ሁለት መቶኛ ያህል ነው። ከሲዲ ማጫወቻ የሚወጣው እስከ 2 ቮልት ይደርሳል። ወደ ስፒከር የሚሄደው ግን አሥርና ሃያ ቮልት፥ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዱን ገመድ በሌላው ቦታ መሰካት ወይ ዝምታን ወይ ጉዳትን ያመጣል።

መሣሪያውን በወንዝ መስሉት። አመንጪው ምንጩ ነው፤ አምፕሊፋየሩ ወንዙ ነው፤ ስፒከሩ እርሻው ነው። እርሻው ቢደርቅ ውሃው ከወዴት እንደ ተቋረጠ ወደ ላይ እየሄዱ ማየት ነው እንጂ እርሻውን መውቀስ አይረባም።

፪ኛ፤ ከሁሉ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

መሣሪያው ከውጭ አገር የመጣ እንደ ሆነ ሶኬቱን ከመሰካታችሁ በፊት በጀርባው የተጻፈውን አንብቡ። ያገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ በሰከንድም 50 ጊዜ ይመላለሳል። የአሜሪካ ግን 120 ቮልት ሆኖ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የጃፓንም 100 ቮልት ነው። ለ120 ቮልት የተሠራውን በ220 ላይ የሰካ ሰው መሣሪያው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጢሱ ሲወጣ ያያል። በአንዳንዶቹ ጀርባ ላይ ቮልቱን የሚመርጥ ማዞሪያ አለ፤ ያን በ220 ወይም በ240 ላይ ማድረግ ነው። ማዞሪያ ከሌለው 220ውን ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። የትራንስፎርመሩ ዋት በመሣሪያው ጀርባ ከተጻፈው ዋት መብለጥ አለበት እንጂ ማነስ የለበትም።

ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ የሚመላለስበትን ቍጥር አይለውጥም። ስለዚህ ሞተሩ ያለ ሌላ መቈጣጠሪያ ከመስመሩ ምልልስ ጋራ እኩል እንዲዞር ሆኖ ለ60 የተሠራ ሸክላ ማጫወቻ በ50 ላይ ቢሠራ፥ ከስድስት እጅ አምስቱን ብቻ ይዞራል፤ ዘፋኙም ድምፁ ወፍሮና ተጎትቶ ይሰማል። ይህ የሞተሩ ጠባይ ነው እንጂ የሸክላው በሽታ አይደለም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ይህ ነው፤ ክዳኑን አትክፈቱ። በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ኮንደንሰር የሚባል ዕቃ አለ፤ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ያጠራቀመውን ይዞ ይቆያል። አምፖል በመሰለ ቫልቭ የሚሠራ አሮጌ አምፕሊፋየር የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ በመቶ የሚቈጠር ቮልት በውስጡ አለ። ከዚህ በታች የምንጽፈው ምርመራ ሁሉ ክዳን ሳይከፈት የሚደረግ ነው።

ሦስተኛው ጥንቃቄ፤ ማናቸውንም ገመድ ከመንቀልና ከመሰካት በፊት ድምፅ መጨመሪያውን ወደ ዜሮ መልሱ፤ አምፕሊፋየሩንም አጥፉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና ይህን ደንብ በሚመረምሩበት ጊዜ ሁሉ ሳይሰለቹ መፈጸም ይገባል።

፫ኛ፤ መብራቱ ካልበራ

አምፕሊፋየሩ ተከፍቶ በፊቱ ያለው ትንሽ መብራት ካልበራ፥ ድምፅን መፈለግ ገና ነው፤ አስቀድሞ ኤሌክትሪክ መድረሱን እወቁ። በዚያው ሶኬት ላይ ሌላ መብራት ሰክታችሁ ሞክሩ። ያኛው ከበራ ሶኬቱ ደኅና ነው። ቀጥሎ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱ፤ በመጋዘን የኖረ ዕቃ ገመዱን አይጥ ይበላዋልና። የተላጠ ሽቦ ካያችሁ አትሰኩት።

ከዚህ በኋላ ፊውዙ ነው። ፊውዙ ከውጭ የሚወጣ የሆነ እንደ ሆነ ሶኬቱን ነቅላችሁ አውጡትና በውስጡ ያለች ቀጭን ሽቦ መቆረጥ አለመቆረጧን እዩ። ከተቆረጠች በላዩ የተጻፈውን ቍጥር አንብባችሁ ልክ ያንኑ የመሰለ ግዙ። በፊውዝ ፋንታ ሽቦ ወይም የሲጋራ ወረቀት መጠቅለል፥ ወይም ከቍጥሩ የሚበልጥ ማግባት፥ በር ጠባቂውን አስሮ ሌባ እንደ ማስገባት ነው፤ ቤት ያቃጥላል። አዲሱ ፊውዝም ወዲያው ቢቆረጥ ሁለተኛ አትሞክሩ፤ ጉዳቱ ከውስጥ ነውና ወደ ባለሙያ ይሂድ።

፬ኛ፤ መብራቱ በርቶ ድምፁ ከጠፋ

በዚህ ጊዜ ሁለቱም ስፒከሮች ዝም ያሉ እንደ ሆነ፥ ለሁለቱ የጋራ የሆነውን ነገር ፈልጉ። ሁለት ስፒከር በአንድ ቀን ይሞታል ብሎ መገመት አይገባም፤ የጋራው መንገድ ተዘግቶ ይሆናል እንጂ። ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን በተራ ተመልከቱ።

ሀ፤ መምረጫው ሊሰማ በሚፈለገው ዕቃ ላይ መሆኑን እዩ። ገመዱ የተሰካው በሲዲ ቦታ ሆኖ መምረጫው ራዲዮ ላይ ቢቆም ድምፅ አይመጣም።

ለ፤ ቴፕ ሞኒተር የሚባለው ቁልፍ ተጭኖ እንደ ሆነ መልሱት። ይህ ቁልፍ አምፕሊፋየሩን ሌላውን ሁሉ ትተህ ከቴፑ የሚመጣውን ብቻ ስማ ብሎ የሚያዝ ነው፤ ቴፕ ከሌለ ዝምታ ብቻ ይሰማል። ደኅና የሆኑ ብዙ አሮጌ አምፕሊፋየሮች በዚህ አንድ ቁልፍ ምክንያት ተበላሽተዋል ይባላሉ።

ሐ፤ ስፒከር ኤ እና ስፒከር ቢ የሚል ማዞሪያ አለ፤ ሽቦው የታሰረበትን መርጦ መሆኑን እዩ። እንዲሁም የጆሮ ማዳመጫ ተሰክቶ ከሆነ ንቀሉት፤ በብዙዎቹ ላይ እርሱ ሲገባ ስፒከሩ ዝም ይላልና።

መ፤ የአምፕሊፋየሩን ጀርባ እዩ። በአንዳንዶቹ ላይ ማስተካከያው ክፍልና ማጉያው ክፍል በሁለት ትንንሽ የታጠፉ ብረቶች ይገናኛሉ፤ አንዱ ቀዳዳ ፕሪ አውት፥ ሁለተኛው ሜይን ኢን ይባላል። እነዚህ ብረቶች በጉዞ ወይም በሻጩ ቤት የጠፉ እንደ ሆነ መንገዱ በመካከል ተቆርጧልና ድምፅ ከቶ አይወጣም። በነርሱ ፋንታ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው አጭር ገመድ ቢሰካ ይበቃል፤ ቀኙን ከቀኝ፥ ግራውን ከግራ ጋራ ማገናኘት ነው።

ሠ፤ ብዙ ዘመን ሳይሠራበት የቆየ ዕቃ በቁልፎቹ ውስጥ ያለው ብረት ይዝጋል። መሣሪያውን አጥፍታችሁ፥ ሶኬቱንም ነቅላችሁ፥ መምረጫውንና ድምፅ መጨመሪያውን ሠላሳ ጊዜ ያህል ከዳር እስከ ዳር አመላልሱ። ድምፁ እየተንኳኳና እየተቆራረጠ ከመጣ ዝገቱ እርሱ ነው። የምግብ ዘይት ወይም ናፍጣ አትጨምሩበት፤ ለኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት አለ፤ እርሱን ባለሙያው ያግባበት።

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ድምፅ ከሌለ፥ የታወቀ ደኅና አመንጪ አምጡ። ዛሬ በየእጁ ያለው የእጅ ስልክ ለዚህ ይበቃል፤ ባንድ በኩል የጆሮ ማዳመጫ ጃክ፥ በሌላው በኩል ቀይና ነጭ ጫፍ ያለውን ገመድ ገዝታችሁ ስልኩን ኦክስ በሚባለው ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁ አሰሙ። የስልኩ ድምፅ ከወጣ አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ ንጹሓን ናቸው፤ ጥፋቱ በቀድሞው አመንጪ ወይም በገመዱ ነው። የስልኩም ድምፅ ካልወጣ ጥፋቱ ከአምፕሊፋየሩ ወዲህ ነው።

፭ኛ፤ ራሱን ስለሚጠብቅ አምፕሊፋየር

ብዙ አምፕሊፋየሮች በተከፈቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከውስጣቸው «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ ሪሌ የሚባለው ጠባቂ ነው፤ ውስጡ ደኅና መሆኑን አይቶ ለስፒከሩ በር ሲከፍት ነው። «ጠቅ» ካላለ ጠባቂው አደጋ አይቶ በሩን ዘግቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ አጥፉት፤ የስፒከሩን ሽቦዎች ሁሉ ፍቱ፤ ደግሞ ክፈቱት። አሁን «ጠቅ» ካለ ጥፋቱ በሽቦው ወይም በስፒከሩ ነው፤ ምናልባት ከአንዱ ጫፍ የተበተነች ቀጭን ክር ከሌላው ጋራ ተነካክታ ይሆናል። ሽቦውን እንደገና ጠምዝዛችሁ ለየብቻው እሰሩ። ስፒከር ሳይኖር ደግሞ ዝም ካለ በሽታው ከውስጥ ነውና ለባለሙያ ስጡት። ነገር ግን ቫልቭ ያለውን አምፕሊፋየር ያለ ስፒከር ከቶ አትክፈቱት፤ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል።

፮ኛ፤ አንዱ ወገን ብቻ ዝም ካለ

ይህ ምርመራ የሁሉ አውራ ነው፤ ለተማሪዎችም የማስተዋል ትምህርት ይሆናል። የግራው ስፒከር ዝም ብሎ የቀኙ ይናገራል እንበል። ከአመንጪው የመጡትን ሁለት ገመዶች በአምፕሊፋየሩ ጀርባ አለዋውጡ፤ ነጩን በቀኝ፥ ቀዩን በግራ ሰኩ። ዝምታው ወደ ቀኙ ስፒከር ከተዛወረ ጥፋቱ በአመንጪው ወይም በገመዱ ነው። ዝምታው በግራው ከቀረ ግን አመንጪውና ገመዱ ንጹሓን ናቸው።

ከአመንጪው ወገን የሆነ እንደ ሆነ፥ ገመዱን ወደ ቦታው መልሳችሁ፥ ቀዩን ክር በሁለቱም ጫፍ በግራው፥ ነጩንም በሁለቱም ጫፍ በቀኙ ሰኩ። ዝምታው አብሮ ከሄደ የሞተው ገመዱ ነው፤ ካልሄደ አመንጪው ነው።

በግራው የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ፥ አምፕሊፋየሩን አጥፍታችሁ የስፒከር ሽቦዎቹን በጀርባው አለዋውጡ። የግራው ስፒከር አሁን ከተናገረና የቀኙ ዝም ካለ፥ የሞተው የአምፕሊፋየሩ ግራ ወገን ነው። የግራው ስፒከር አሁንም ዝም ካለ፥ ጥፋቱ በራሱ በስፒከሩ ወይም በሽቦው ነው። ከሁለቱ ለመለየት የሚናገረውን ስፒከር ሽቦ ለዝምተኛው እሰሩለት።

እንግዲህ አስተውሉ፤ አንድ ብር ሳይወጣ፥ አንድ ብሎን ሳይፈታ፥ ከአምስት ተጠርጣሪ አንዱ ተለይቷል።

፯ኛ፤ ስፒከርን በባትሪ ድንጋይ ስለ መፈተን

ስፒከሩን ከአምፕሊፋየሩ ፈጽማችሁ ፍቱት። 1.5 ቮልት ያለውን አንድ ተራ የባትሪ ድንጋይ ወስዳችሁ ሁለት ሽቦ ይዛችሁ የስፒከሩን ቀይና ጥቁር ጫፍ ለቅጽበት ብቻ ነክታችሁ ልቀቁ። «ቸክ» የሚል ድምፅ ከሰጠ በሕይወት አለ። የባትሪው የመደመር ወገን በቀዩ ላይ ሲሆን ትልቁ ወረቀት ወደ ውጭ ይገፋል። ረጅም ጊዜ ማስነካት ግን አይገባም። ቴስተር ያለው ሰው ኦሙን ቢለካ 8 ኦም የተባለው ስፒከር 6 ያህል ያሳያል፤ ቴስተሩ አንዳች ካላሳየ በውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ወይም መገናኛው ተቆርጧል።

፰ኛ፤ ስለ ሸክላ ማጫወቻና ስለ ካሴት ቴፕ

ሸክላ ማጫወቻ ገመዱ ፎኖ በሚባለው ቀዳዳ ላይ መሰካት አለበት። በኦክስ ላይ ከተሰካ፥ ከላይ እንደ ተናገርን ኃይሉ እጅግ ትንሽ ነውና፥ ጆሮ ካልተጠጋ አይሰማም። ፎኖ የሌለው አምፕሊፋየር በመካከል ሌላ ትንሽ ማጉያ ይፈልጋል፤ ማጫወቻው ራሱ ማጉያ በውስጡ ካለው ግን በኦክስ ይበቃዋል። የሲዲ ማጫወቻን በፎኖ መሰካት ደግሞ ድምፁን ያበላሻል። መርፌው በቦታው መኖሩን፥ ሽፋኑም መነሣቱን እዩ፤ በጉዞ ላይ ቶሎ የሚሰበር እርሱ ነው። የካሴት ቴፕ መንኮራኩሩ ካልዞረ ብዙውን ጊዜ የላስቲክ ቀበቶው ቀልጦ ወይም ተበጥሶ ነው፤ እየዞረ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ክሩን የሚያነበው ራስ ቆሽሿል፤ በጥጥና በአልኮል ቀስ ብሎ መጥረግ ነው።

፱ኛ፤ ለሽማግሌዎች

በእንዲህ ያለ ዕቃ ሻጭና ገዢ ተጣልተው ከፊታችሁ በቆሙ ጊዜ፥ ዕቃው ይናገራል አይናገርም ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ዕቃው አንድ አይደለምና፥ ዝም ያለው የትኛው ክፍል ነው ብላችሁ ጠይቁ። የመርፌ ጉድለት የሙሉ ዕቃ ዋጋ አያስመልስም። የታጠፉት ትንንሽ ብረቶች በሻጩ ቤት ቀርተው እንደ ሆነ ማምጣቱ የርሱ ነው። ለ120 ቮልት የተሠራውን ገዢው ሳያነብ በ220 ሰክቶት ቢቃጠል፥ ሻጩ ስለ ቮልቱ ተናግሮ ነበርን ብላችሁ ምስክር ስሙ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ጠቡ ሳይመጣ መጠበቅ ነው። ገዢው ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት በሻጩ ቤት ሁሉም ተያይዞ በግራም በቀኝም ሲናገር ይስማ፤ የሽያጩም ወረቀት ሲጻፍ የእያንዳንዱ ሳጥን ስምና ቍጥር፥ ቮልቱ፥ አብረው የተሰጡት ገመዶችና ምስክሮቹ ይጻፉ። በቃል የተሸጠ በቃል ይካዳልና።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. የድምፁ መንገድ የሚያልፍባቸው ሦስት ወገኖች ምንና ምን ናቸው?
2. ሁለቱም ስፒከሮች ባንድ ጊዜ ዝም ቢሉ አስቀድሞ የጋራውን መንገድ የምንፈልገው ስለ ምን ነው?
3. ገመዱ ሲለዋወጥ ዝምታው አብሮ ከተዛወረ ምን እንረዳለን? ካልተዛወረስ?
4. ፊውዝ በሽቦ ቢተካ የሚመጣው ጉዳት ምንድር ነው?
5. ትራንስፎርመር የሚለውጠውና የማይለውጠው ነገር ምንና ምን ነው?

አስተማሪው እነዚህን ከጠየቀ በኋላ፥ መሣሪያ ካለ አንዱን ገመድ ተማሪዎች ሳያዩ ነቅሎ ጥፋቱን ከላይ በተጻፈው ተራ ያስፈልጋቸው። ከሶኬትና ከፊውዝ የሚያያዘውን ግን ልጆች አይንኩ፤ እርሱን አስተማሪው ራሱ ያድርገው።